ለክረምት ምግብ በጠርሙስ ማሸግ፦ ልፋቱን ያህል ደስታ አለው?

ጀማሪዋ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

ዘንድሮ ጓሮዬ ጉድ አፍልቷል። ቲማቲሙ በአንዴ ቀላ። ፎሶሊያው ቢለቀም ቢለቀም አያልቅም። ኮኩ ደግሞ ዛሬ ካልተነሳ ነገ መሬት ወድቆ የዝንብ ነው። ለጎረቤት ሰጠሁ፣ ለዘመድ ሰጠሁ፣ አሁንስ ሰው ከሩቅ ሲያየኝ መንገድ መቀየር ጀምሯል። እናም በጠርሙስ አሽጌ ለክረምት ላስቀምጠው አሰብኩ።

ባለቤቴ ይስቅብኛል። "ሱቁ ሙሉ የታሸገ ምግብ ነው፣ አንቺን ምን አለፋሽ?" ይላል። እውነቱን ለመናገር መልስ የለኝም። ሂሳብ ብሠራ የሚያዋጣ አይመስለኝም። ጠርሙሱ አለ፣ ክዳኑ አለ፣ ስኳሩ አለ፣ ጋዙ አለ፣ ከሁሉም በላይ ጊዜው አለ። ግን ቀይና ቢጫ ጠርሙሶች መደርደሪያ ላይ ተሰልፈው ባየሁ ቁጥር ልቤ ስቅል ይላል።

እስቲ ንገሩኝ፣ እናንተ በየዓመቱ የምትሠሩት ለምንድን ነው? ደስ ስለሚል ብቻ ነው ካላችሁም ይገባኛል። ሌላው ጥያቄዬ፣ ሁሉንም ነገር በፈላ ውሃ ማሸግ ይቻላል ወይ? አንዲት የማውቃት ሴት "ፎሶሊያውን ጠርሙስ ውስጥ ከተሽ ሦስት ሰዓት ቀቅይው፣ ምንም አይሆንም" አለችኝ። ሌላው ሰው ደግሞ እንዳትሞክሪው ብሎ አስፈራራኝ። ነጭ ሽንኩርት ዘይት ውስጥ ዘፍዝፎ ማስቀመጥስ እንዴት ነው? እባካችሁ አንድ በሉኝ።

ጋሽ ጠርሙስ፦

እንኳን ደህና መጣሽ ልጄ። ባለቤትሽን ለጊዜው ተይው፣ የመጀመሪያውን ማርማላታ ሲቀምስ ሐሳቡን ይቀይራል።

ገንዘቡን ካነሳሽ አይቀር፣ ጓሮ ላለው ሰው ያዋጣል። ሁሉን ነገር ገዝቶ ለሚያሽግ ግን ብዙም አያዋጣም። ጠርሙሱና ክዳኑን የሚያስረው ቀለበት ካልተሰበረና ካልዛገ ዓመት ከዓመት ያገለግላል። በየጊዜው የሚገዛው ጠፍጣፋው ክዳን ብቻ ነው፣ እሱ አንዴ ካሸገ በኋላ ለሁለተኛ ጊዜ አይታመንም። እኔን የያዘኝ ግን ገንዘቡ አይደለም። ግንዱ ላይ እያለ በደንብ የቀላ ቲማቲም፣ መንገድ እንዲችል ተብሎ ጥሬውን ከተለቀመው ጋር በጣዕም አይገናኝም። ያንን ጣዕም ብርዱ አጥንት ሲሰብር ከመደርደሪያ አንስቶ ድስት ውስጥ መገልበጥ ሌላ ነገር ነው። ውስጡ ምን እንዳለም አውቃለሁ። ቲማቲም፣ ሎሚ፣ ጨው። በቃ።

ደግሞ ድምፁ አለ። ጠርሙሶቹን ከፈላው ውሃ አውጥተሽ ፎጣ ላይ ታሰልፊያቸዋለሽ። መቀዝቀዝ ይጀምራሉ። ትንሽ ቆይቶ አንዱ "ጠቅ!" ይላል። በሙቀቱ አየሩ ከጠርሙሱ ወጥቷል፣ የቀረው እንፋሎት ሲቀዘቅዝ ደግሞ ተመልሶ ውሃ ይሆናል፣ ስለዚህ የውጩ አየር ክዳኑን ይጫነዋል። መሃሉ ትንሽ ያበጠው ክዳን ስርጉድ ሲል ነው የሚጮኸው። ከዚያ ሁለተኛው፣ ከዚያ ሦስተኛው። ሌላ ክፍል ሆኜ እንኳ ጆሮዬ እዚያ ነው። ሚስቴ "ጠርሙሶችህ እየጠሩህ ነው" ትለኛለች።

መጀመሪያ ኮኩን ያዢ። የፈላ ውሃ ውስጥ ከ30 ሰከንድ እስከ 1 ደቂቃ ነክረሽ ወዲያው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ስትከቺው ልጣጩ በጣትሽ ሸርተት ብሎ ይወጣል፣ ቢላ አያሻም። እንዳይጠቁር ሎሚ የተጨመቀበት ውሃ ውስጥ አቆዪው። ለሁለት ከፍለሽ ፍሬውን አውጪ። ቀለል ያለ የስኳር ውሃ ውስጥ አንዴ አፍልተሽ በትኩሱ ጠርሙስ ውስጥ ደርድሪው፣ ጎድጓዳው ወደ ታች ይሁን። እንዲያ ሲደረደር ብዙ ይይዛል፣ ከውጭ ሲታይም ያምራል። ጠርሙሱም ትኩስ መሆን አለበት፣ ቀዝቃዛ ጠርሙስ ውስጥ የፈላ ነገር ከገባ ሥሩ ቷ ብሎ ይሄዳል።

ከላይ 1 ሴንቲ ሜትር ከምናምን ባዶ ቦታ ተዪ። ይህቺን ቦታ እንዳትንቂያት። ጠርሙሱ ጢም ካለ ሲፈላ ስኳር ውሃው ገንፍሎ ክዳኑ ሥር ይገባና አይታሸግም። በጣም ከጎደለ ደግሞ አየሩ ተሟጦ አይወጣም። ቀጭን የፕላስቲክ ወይም የእንጨት ነገር በዳር በዳሩ ሰደድ አድርገሽ አረፋውን አስወጪ። አፉን በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ጥረጊ፣ የስኳር ጠብታ እንኳ ከቀረች ጉዳት አላት። ቀለበቱን በጣት ጫፍ ብቻ አጥብቂው፣ በጉልበት ካሰርሽው አየሩ መውጫ ያጣል። ከዚያ ድስት ውስጥ፣ ሥሩ ላይ ጨርቅ ወይም ወንፊት ነገር አድርገሽ። ውሃው ከክዳኑ በላይ 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር ይሸፍነው። ግማሽ ሊትሩ 20 ደቂቃ፣ አንድ ሊትሩ 25 ደቂቃ። የሚቆጠረው ውሃው እንደገና መንተክተክ ሲጀምር ነው።

የፎሶሊያውን ጉዳይ የሚያውቁት ይንገሩሽ።

ፍሪዘር ይሻላል፦

እኔ ደግሞ ልቃወም። ጋሼ በጣም አከብርዎታለሁ፣ ግን በዚያ ሙቀት ሦስት ድስት ፊት ቆሞ ላብ በላብ መሆን ምኑ ላይ ነው ደስታው?

ፎሶሊያሽን ጫፍ ጫፉን ቁረጪ፣ የፈላ ውሃ ውስጥ 3 ደቂቃ፣ ወዲያው በረዶ ያለበት ውሃ ውስጥ ሌላ 3 ደቂቃ፣ አጠንፍፊ፣ ትሪ ላይ በትነሽ አቀዝቅዢ፣ ከዚያ ላስቲክ ውስጥ ከተሽ አየሩን አስወጪ። አለቀ ደቀቀ። ትሪ ላይ የሚበተነው እርስ በርሱ ተጣብቆ አንድ ድንጋይ እንዳይሆን ነው፣ ኋላ እፍኝ እፍኝ እያልሽ ታወጪያለሽ። ያቺን 3 ደቂቃ ግን እንዳትዘያት። ጥሬውን ከከተትሽው ፎሶሊያው ውስጥ ያሉት ኢንዛይሞች በብርዱም ቀስ እያሉ ይሠራሉ፣ ከጥቂት ወራት በኋላ ቀለሙ ይጠፋል፣ ጣዕሙም ድርቆሽ ድርቆሽ ይላል። ፍሪዘሩ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ይሁን።

ቲማቲምማ ከዚህም ይቀላል። አጥበሽ ሙሉውን ትከቺዋለሽ። ሲቀልጥ ልጣጩ ራሱ ይወልቃል። ለወጥና ለሶስ ነው እንጂ ለሰላጣ አይሆንም፣ ሥጋው ይልፈሰፈሳል።

መብራት ሲጠፋስ የሚል ሰው ይመጣል አሁን። ጢም ብሎ የሞላ ፍሪዘር በሩ ካልተከፈተ ሁለት ቀን ገደማ ብርዱን ይይዛል።

ላብራቶሪ፦

መብራቱ ሦስተኛ ቀን ከጠፋሳ? 😄 ቀልዴን ነው፣ ስለ ፎሶሊያው ፍሪዘሩ ትክክል ብለሃል።

ሥራዬ የምግብ ምርመራ ስለሆነ ጀማሪዋ የጠየቀችው ላይ ረዘም አድርጌ ልጻፍ። ይቺን ካወቅሽ ሌላው ሁሉ ከሷ ይመጣል፦ ምግቡ አሲድ አለው ወይስ የለውም?

ቦቱሊዝም የሚባለውን ከባድ የምግብ መመረዝ የሚያመጣውን መርዝ የሚያመርተው ባክቴሪያ፣ ክሎስትሪዲየም ቦቱሊነም፣ አፈር ውስጥ በየትም አለ። ስለዚህ ፎሶሊያሽ ላይም ካሮትሽ ላይም ስፖሩ፣ ማለትም ተኝቶ የሚቆየው ጠንካራ ዘሩ፣ ሊኖር ይችላል። ጥሬውን ብትበዪው አያስፈራም፣ አየር ባለበት አያድግም። የታሸገ ጠርሙስ ግን አየር የለውም፣ እርጥብ ነው፣ የሚቀመጠውም ቤት ውስጥ በሚሞቅ ቦታ ነው። ለሱ ሠርግና ምላሽ ነው። የሚገታው አሲድ ነው፣ ፒኤች (የአሲድ መለኪያ ነው፣ ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር አሲዱ ይበዛል) 4.6 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ማደግ አይችልም። አብዛኛው ፍራፍሬ፣ ማርማላታ፣ በአግባቡ በአቼቶ የተዘጋጀ አትክልት እዚህ ውስጥ ይገባል። ፎሶሊያ፣ ካሮት፣ በቆሎ፣ አተር፣ ሥጋ፣ ዓሣ፣ ሾርባ አይገቡም።

አሁን ሦስት ሰዓቱን እንይ። ውሃ የቱንም ያህል ቢንተከተክ ከ100 ዲግሪ አያልፍም። ሦስት ሰዓት ቀቀልሽው ስድስት፣ ዲግሪው ያው ነው። ባክቴሪያው ይሞታል፣ ስፖሩ ግን ይተርፋል፣ ጠርሙሱ ሲቀዘቅዝ ይነቃል። ስፖሩን በምድጃ ላይ በአስተማማኝ ሁኔታ ለማጥፋት ከ115 እስከ 121 ዲግሪ ያስፈልጋል፣ ይህ ደግሞ የሚገኘው እንፋሎት በግፊት ሲታፈን ነው። ያቺ ሴት እስካሁን ምንም ካልሆነች ዕድሏ ነው እንጂ ዘዴው አይደለም።

መርዙ ሽታም ጣዕምም የለውም። ክዳኑ ካበጠ፣ ሲከፈት ካፏጨ ወይም ውሃው ከተረጨ መጣል ነው፣ ግን ደህና የሚመስል ጠርሙስም ሊኖረው ይችላል። ምልክቱ ብዙ ጊዜ ከ12 እስከ 36 ሰዓት ባለው ይጀምራል፣ አንዳንዴም ቀናት ይቆያል። ዓይን ብዥ ይላል ወይም አንዱን ነገር ሁለት አድርጎ ያያል፣ የዓይን ሽፋን ይከብዳል፣ ምላስ ይተሳሰራል፣ መዋጥ ያስቸግራል። እንዲህ ከሆነ ሐኪም ቤት መሮጥ ነው፣ ነገ ይሻለኛል የሚባል ነገር አይደለም። በተረፈ ያጠራጠረሽን ነገር ትንሽ ልቅመሰው አትበዪ፣ ጣይው።

ፎሶሊያን በጠርሙስ ካልሆነ ካልሽ ለማሸጊያ የተሠራው ትልቁ የግፊት ድስት ነው የሚያስፈልግሽ። ቢያንስ አራት የአንድ ሊትር ጠርሙስ አቁሞ የሚይዝ መሆን አለበት። ለወጥ የምንጠቀምበት ትንሹ ፕሬዠር ኩከር ቶሎ ይሞቃል፣ ቶሎ ይበርዳል፣ የማሸጊያ ደቂቃዎቹ የተለኩት በሱ አይደለም። ከመጀመሪያው የእንፋሎት መውጫው ላይ የሚቀመጠውን የግፊት ክብደት ሳታስቀምጪ እንፋሎቱ 10 ደቂቃ ቡልቅ ብሎ ይውጣ። ውስጡ አየር ከቀረ ግፊቱ ልክ ቢያሳይም ሙቀቱ አይደርስም። ከዚያ ለግማሽ ሊትር 20 ደቂቃ፣ ለአንድ ሊትር 25 ደቂቃ። ከባሕር ወለል እስከ 300 ሜትር ከፍታ ድረስ የ10 ፓውንዱን ክብደት፣ ከዚያ በላይ የ15ቱን። ሲያልቅ እሳቱን አጥፍተሽ ራሱ እስኪበርድ ተዪው፣ ውሃ አታፍስሺበት።

ከፍታውን ካነሳን ዘንድ ጋሼ የጻፉት ደቂቃም የዝቅተኛ ቦታ ነው። ወደ ላይ በወጣሽ ቁጥር ውሃ የሚፈላበት ዲግሪ ይወርዳል፣ በየ300 ሜትሩ 1 ዲግሪ ገደማ። 2,400 ሜትር ላይ 92 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚፈላው። ስለዚህ ለኮኩ ከ300 እስከ 900 ሜትር 5 ደቂቃ፣ እስከ 1,800 ሜትር 10 ደቂቃ፣ ከዚያ በላይ 15 ደቂቃ ጨምሪ። ይህን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ሌላ ሰው ያዘጋጀውን ዘዴ ስትከተዪ የተጻፈው ለየትኛው ከፍታ እንደሆነ መጀመሪያ እዪ።

ኮክሽ ውስጡ ነጭ ከሆነ ግን አታሽጊው፣ ፍሪዘር ውስጥ ክተቺው። ነጩ ኮክ አሲዱ ከቢጫው ያንሳል፣ ከ4.6 በላይ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ቲማቲምም ድንበር ላይ ነው ያለው፣ እንደ ዓይነቱና እንደ ብስለቱ ወዲያና ወዲህ ይላል። ስለዚህ በየጠርሙሱ ሎሚ መጨመር ግድ ነው፣ ለግማሽ ሊትር 1 የሾርባ ማንኪያ፣ ለአንድ ሊትር 2። በፋብሪካ የታሸገውን የሎሚ ጭማቂ ተጠቀሚ፣ የአሲዱ መጠን አይዋዥቅም። ወይም ሲትሪክ አሲድ፣ ለግማሽ ሊትር ሩብ የሻይ ማንኪያ፣ ለአንድ ሊትር ግማሽ። ጎመዘዘኝ ካልሽ ስትበዪው ስኳር ነስንሺበት እንጂ ሎሚውን አትቀንሺ።

ነጭ ሽንኩርት በዘይት? ውጭ ፈጽሞ አይቀመጥም። ነጭ ሽንኩርት አሲድ የለውም፣ ዘይቱ ደግሞ አየር ይከለክላል። ማቀዝቀዣ ውስጥ ለ4 ቀን ብቻ፣ ከዚያ በላይ ከፈለግሽ ፍሪዘር።

ይህን ሁሉ የጻፍኩት ላስፈራራሽ አይደለም። ይህን መስመር ከያዝሽ በኋላ ሌላው ጨዋታ ነው። ፈረንሳዊው ኒኮላ አፔር እ.ኤ.አ. በ1810 ከመንግሥቱ 12,000 ፍራንክ የተሸለመው ጋሼ የሚሠሩትን በሚመስል ነገር ነው፣ ምግብ በጠርሙስ፣ ቡሽ፣ የፈላ ውሃ። ሙያው ጣፋጭ ሠሪ ነው እንጂ ሳይንቲስት አልነበረም። ለምን እንደማይበላሽ እሱም አያውቅም ነበር፣ ሳይንቲስቱ ሉዊ ፓስተር መጥቶ ጀርም ነው እስኪል ግማሽ ምዕተ ዓመት አለፈ። ያኔ በዕውር ድንብር ነው የተሠራው። ለእኛ ቁጥሩ ተለክቶ ተቀምጦልናል።

ጨውና ጎመን፦

ሁላችሁም እሳት እሳት ትላላችሁ። እኔ ምድጃ ሳልለኩስ ነው ክረምቴን የማስቀምጠው።

ጥቅል ጎመን በቀጭኑ ክተፊ። መዝኚው። በኪሎ ከ20 እስከ 25 ግራም ጨው፣ በማንኪያ ሳይሆን በሚዛን፣ ምክንያቱም ደቃቁ ጨውና ሻካራው ጨው በአንድ ማንኪያ እኩል አይመዝኑም። በእጅሽ እሺው። መጀመሪያ ምንም የሚሆን አይመስልም፣ ጎመኑ ይንኮሻኮሻል፣ እጅሽ ይደክማል። ከዚያ ድንገት ይለሰልስና ውሃውን ይለቃል፣ ጨምቀሽ ስትይዢው በጣቶችሽ መሃል ይንጠፈጠፋል። ጠርሙስ ውስጥ ጠቅጠቅ አድርገሽ፣ የራሱ ውሃ ከላይ እስኪሸፍነው ተጫኚው። ከላይ ክብደት አድርጊበት። ከውሃው በላይ ብቅ ያለች ቅጠል ናት ሻጋታ የምትጠራው።

ከ18 እስከ 22 ዲግሪ በሆነ ቦታ ከ3 እስከ 4 ሳምንት። የመጀመሪያዎቹ ቀናት አረፋ ይሠራል፣ ከሥሩ ትሪ አድርጊ፣ ይገነፍላል። ክዳኑን ጥርቅም አድርገሽ አትዝጊ፣ ጋዝ መውጫ ይፈልጋል። ላብራቶሪ ያለችው አሲድ እዚህም አለ፣ ልዩነቱ አንቺ አትጨምሪውም፣ ጎመኑ ላይ ያሉት ባክቴሪያዎች ራሳቸው ከስኳሩ ላክቲክ አሲድ ይሠሩታል። ጨው ልቀንስ የሚል ሐሳብ ግን አይምጣብሽ፣ ጥሩዎቹን ከመጥፎዎቹ የሚያስቀድመው ጨው ነው። ከላይ ስስ ነጭ ነገር ከሠራ እርሾ ነው፣ ቅረፊው። ጸጉር ያለው፣ አረንጓዴ ወይም ጥቁር ወይም ሮዝ ከሆነ፣ ወይም ጎመኑ ከተዝለገለገ ሁሉንም ጣይው።

ደስታው ምኑ ላይ ነው ላልሽው፣ በየቀኑ ይለወጣል። ዛሬ የቀመስሽውና የሳምንቱ አንድ አይደለም። እኔ ሥራ ከመሄዴ በፊት ጠጋ ብዬ አያለሁ፣ ስመለስም አያለሁ። ቤተሰቦቼ ለምደውኛል።

ኪያርም ካለሽ በአቼቶ አድርጊው። አበባው ከነበረበት ጫፍ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ቆርጠሽ ጣይ፣ እዚያ ያለው ኢንዛይም ነው ኪያሩን የሚያልፈሰፍሰው። ይቺን ብልሃት ስታውቂ ቁርጭም የሚል ኪያር ለምን ሱቅ ብቻ ይገኛል የሚለው ጥያቄ ይመለስልሻል። አቼቶው 5 በመቶ አሲድ መሆኑን ጠርሙሱ ላይ አንብቢ፣ ከተጻፈው በላይ ውሃ አታቅጥኚው።

ጀማሪዋ፦

ምን ብዬ ላመስግናችሁ! ኮኬ ቢጫ ነው፣ ተመስገን። የምኖረው ከፍ ያለ ቦታ ስለሆነ 15 ደቂቃዋን እጨምራለሁ። ፎሶሊያው ወደ ፍሪዘር ገብቷል፣ ትሪ ላይ መበተኑ ግሩም ነው። ነጭ ሽንኩርቱንም ተውኩት።

ጋሼ፣ አሁን እርስዎን የማስቸግረው ስለ እንጆሪ ማርማላታ ነው። የሰዎችን አይቻለሁ፣ የአንዳንዱ ውሃ ሆኖ ይቀራል፣ የአንዳንዱ ደግሞ ማስቲካ ነው። ፍሬው ሁሉ ከላይ ተንሳፍፎ ከሥር ባዶ ስኳር የሚሆንበትስ ምክንያት ምንድን ነው? ደግሞ ከላይ ሰም ቀልጦ ይፈሰስበታል የሚሉ አሉ። ጠርሙሱን በትኩሱ መገልበጥ ብቻ ይበቃል የሚሉም አሉ።

ጋሽ ጠርሙስ፦

ምን ችግር አለው ልጄ፣ ስለ ማርማላታ አውራ ከተባልኩ አልጠግብም።

የሚያረጋው ፔክቲን የሚባል ፍሬው ውስጥ ያለ ነገር ነው። ስኳርና አሲድ ሲያገኝ ይያያዛል። እንጆሪ ፔክቲኑ ጥቂት ነው፣ በጣም ከበሰለ ደግሞ ይብስበታል። ስለዚህ ከምትሠሪው ሩብ ያህሉ ገና ሙሉ በሙሉ ያልቀላ ይሁን፣ ሎሚ ጨምሪበት። ፖም ደግሞ ፔክቲን ሞልቶታል፣ የፖም ቁራጭ አብሮ ማብሰል የቆየ ብልሃት ነው። ስኳሩ እኩል በእኩል በሚዛን ነው የሚባለው፣ እኔ በዚያው እሄዳለሁ። ሌሊቱን ስኳር ነስንሰሽ ማቀዝቀዣ ውስጥ አሳድሪው። ስኳሩ ውሃውን ስቦ ያወጣና በምትኩ ፍሬው ውስጥ ይገባል፣ ፍሬው ሲከብድ ብዙም አይንሳፈፍም። የሚንሳፈፈው እኮ ውስጡ አየር ስላለበት ነው። እሳቱን ካጠፋሽ በኋላ 5 ደቂቃ ያህል ቀስ እያልሽ አማስለሽ ጠርሙስ ውስጥ መጨመርም ይረዳል።

ሰፊ ድስት፣ ኃይለኛ እሳት። በአንዴ ብዙ አትሥሪ። እጥፍ ሠርቼ ልገላገል ካልሽ ውሃው ቶሎ አይተንም፣ ፍሬው ረጅም ሰዓት ሲፈላ ፔክቲኑ ይበላሻል፣ ቀለሙም ይጠቁራል። ማማሰያውን አንስተሽ እዪ። መጀመሪያ ላይ እንደ ውሃ ጠብ ጠብ ይላል። ቆይቶ ጠብታው ይወፍርና ይዘገያል። ከዚያ ሁለት ጠብታ ማማሰያው ጠርዝ ላይ ይገናኙና አንድ ላይ ዝርግ ሆነው ይወድቃሉ። ያኔ ደርሷል። ቴርሞሜትር ካለሽ በባሕር ወለል 104 ወይም 105 ዲግሪ ነው። ከፍ ያለ ቦታ ግን 105 ልጠብቅ ካልሽ ነው ማስቲካ የሚሆነው። መጀመሪያ ውሃ አፍልተሽ ዲግሪውን ለኪ፣ እዚያ ላይ 4 ጨምሪ፣ ያንቺ ቁጥር እሱ ነው። ሲቀዘቅዝ ይበልጥ ስለሚረጋ ድስት ውስጥ እያለ ትንሽ ቀጠን ቢል አትደንግጪ። አንዳንዱ ተስተካክሎ ለመርጋት ሳምንትም ሁለት ሳምንትም ይፈጅበታል።

ሰሙን እርሺው። ሲቀዘቅዝ ከጠርሙሱ ዳር ይላቀቅና በቀዳዳው ሻጋታ ይገባል። መገልበጡም ጠቅ ያደርገዋል፣ ግን እሽጉ ደካማ ነው። 6 ሚሊ ሜትር ባዶ ትተሽ በፈላ ውሃ 10 ደቂቃ፣ አንቺ ጋ የከፍታው ተጨምሮበት፣ ነገሩ ያልቃል።

ያላልኩሽ የቀረ፣ ጠርሙሶቹን ካወጣሽ በኋላ ከ12 እስከ 24 ሰዓት አትነካኪያቸው። ጠቅ ባለ ጊዜ ቀለበቱን ላጥብቀው አትበዪ። በነጋታው የክዳኑን መሃል በጣትሽ ተጫኚው። ከተንጠጣጣ አልታሸገም ማለት ነው፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ ከተሽ ቶሎ ብዪው። የታሸጉትን ቀለበታቸውን ፍቺ፣ ጠርሙሱን እጠቢ፣ ስሙንና ቀኑን ጻፊበት። ቀለበቱን አብረሽ ካስቀመጥሽ ይዝጋል፣ ይባስ ብሎ ያልታሸገ ክዳን ተጭኖ ይዞ ያታልልሻል። ጨለማ፣ ደረቅና ቀዝቀዝ ያለ ቦታ፣ ከ10 እስከ 21 ዲግሪ፣ ዓመት ሳይሞላው መብላት። መደርደሪያው ፀሐይ ፊት ከሆነ ያ ያማረሽ ቀለም ይጠፋልና መጋረጃ አድርጊበት።

ፍሪዘር ይሻላል፦

እሺ ተሸንፌያለሁ ማለት አይደለም፣ ግን አንድ ጥያቄ። እንጆሪውን አሁን በሙቀቱ ፍሪዘር ውስጥ ከትቼ ማርማላታውን ብርዱ ሲመጣ መሥራት ይቻላል? ያኔ ምድጃ አጠገብ መቆም ራሱ ይናፍቃል።

ላብራቶሪ፦

ይቻላል፣ እኔ ራሴ እንደዚያ ነው የማደርገው። አጥበህ፣ አድርቀህ፣ አረንጓዴውን ነቅለህ ክተተው። መዝነህ ኪሎውን ላስቲኩ ላይ ጻፍበት፣ ኋላ ስኳሩን ለመለካት ያን ቁጥር ነው የምትፈልገው። ስትሠራ የቀለጠውን ውሃ አትድፋ፣ ቀለሙም ጣዕሙም እሱ ውስጥ ነው። ሲቀዘቅዝ ፔክቲኑ ትንሽ ስለሚቀንስ ሎሚውን አትርሳ፣ ወይም ጋሼ እንዳሉት ፖም ጣል አድርግበት።

ፍሪዘር ይሻላል፦

ስኳርና ጠርሙስ ልገዛ ነው እንግዲህ። ስሜን ግን አልቀይርም።